አንድ ሚሊዮን ዶላር ተጽፎበት አንድ ሳንቲም ያልከፈለው ፖሊሲ

«አንተ ወረቀት ማንበብ ትወዳለህ አይደል? እስቲ ብቅ በል» አለኝ አንድ ጣሪያ ሠሪ ወዳጄ በስልክ። ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቱ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ ወፍራም የኢንሹራንስ ፖሊሲ ነው፤ ከተሰጠው ቀን ጀምሮ ተከፍቶ የሚያውቅ አይመስልም። ሌላው ገጽ ተኩል የሆነ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ባጭሩ «አንከፍልም» ነው የሚለው። የቀረው ሁሉ ጨዋነት ነው።

«አንድ ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ አለኝ እኮ!» አለ ወዳጄ። የፖሊሲውን የመጀመሪያ ገጽ አሳየኝ። እውነቱን ነው። ለአንድ አደጋ 1,000,000 ዶላር፣ ለዓመቱ በጠቅላላ 2,000,000 ዶላር ይላል። በደማቁ ተጽፏል።

ከመቀጠሌ በፊት፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹንም ስም አልጠራም። እኔ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የኢንሹራንስ ሰው አይደለሁም። የሚከተለው እኔና እሱ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስንጨቃጨቅበት የከረምነው ጉዳይ ነው።

ሰውየውና ሥራው

ወዳጄ አሜሪካ እንደመጣ ታክሲ ነዳ። ወገቡን ሲያመው ተወው። ከዚያ፣ ለወገብ የማይመከር ሥራ ውስጥ ገባ፤ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሙያውን ያስተማሩት የሳልቫዶር ልጆች ናቸው። ስፓኒሹንም ከእነሱ ለቀመ። ዛሬ የራሱ ድርጅት አለው። ሦስት ቋሚ ሠራተኞች አሉት። ሥራ ሲበዛበት ደግሞ አንድ የሳልቫዶር ቡድን በሰብኮንትራክት ይጨምራል።

አገር ቤት ጣሪያ ሲባል ቆርቆሮና ሚስማር ነው ትዝ የሚለን። እዚህ ሌላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አብዛኛው የመኖሪያ ቤት ተዳፋት ጣሪያ ላይ የአስፋልት ሺንግል የተደረደረበት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ሲገባ ደግሞ ሮውሃውስ ይበዛል። ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ የሆነ የድሮ ቤቶች ናቸው። እነሱ ላይ አንዳንዴ ጎማ ይለጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ጥቅል ሬንጅ በጋዝ ቶርች እየተለበለበ ይዘረጋል። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ። ኢንሹራንሱ የሚበላሸውም የሚስተካከለውም እዚህ ላይ ነው።

አደጋው ዲሲ ውስጥ ነው የደረሰው። ወሩ ጁላይ ነው። በዚህ አካባቢ የኖረ የጁላይን ጠባይ ያውቀዋል። ጠዋት ሰማዩ እንደ መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ድንገት ይጠቁርና ነጎድጓድ ይለቃል። እነ ወዳጄ ጠዋት የድሮውን ጣሪያ ገፈፉ። እንጨቱ ብቻ ቀረ። ለምሳ ወረዱ። ሸራው መኪናው ውስጥ ነበር። ሃያ ደቂቃ ዘነበ፤ ከዚያ አይበልጥም። ላይኛው ፎቅ ላይ ኮርኒሱ ወረደ፣ የእንጨቱ ወለል አበጠ፣ የተከራይዋ አልጋና ኮምፒውተር ራሰ። ውሃው በግድግዳው በኩል ጎረቤት ቤትም ገባ። ሮውሃውስ ማለት ይህ ነው። አንዱን ቤት ስታበላሽ ሁለት ቤት ታበላሻለህ። ጥገናው፣ ዕቃውና ተከራይዋ ያደረችበት ሆቴል ተደምሮ 23,000 ዶላር ሆነ።

ኢንሹራንሱ አልከፈለም። ወዳጄ ለቤቱ ባለቤት በየወሩ እየከፈለ ዕዳውን ለመጨረስ ተስማማ።

ከፖሊሲው ጀርባ

ያን ምሽት ፖሊሲውን ከጀርባ ጀመርነው። ይህን የመከረኝ ድሮ አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። «ከፊት ያለው ለሽያጭ ነው፣ ከኋላ ያለው ለክርክር ነው» ይል ነበር።

የፖሊሲው ዋና አካል ሲጂ 00 01 የሚባለው ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዙ የጄኔራል ላያቢሊቲ ፖሊሲዎች ውስጥ ያለ መደበኛ ጽሑፍ ነው። ራሱን ችሎ ሲነበብ መጥፎ አይደለም። ሥራህ በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ጉዳት ካደረሰ ይክሳል። ከተከሰስክም ጠበቃ ያቆምልሃል። ችግሩ ከኋላው የሚለጠፉት ወረቀቶች ናቸው። ኢንዶርስመንት ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ወረቀት ከፊት የተሰጠህን ትንሽ ትንሽ እየቆረጠ ይወስዳል።

ቢጫ ማርከር ይዘን ቆጠርን። ከሃያ በላይ ነበሩ። አብዛኞቹ የማይጎዱ ናቸው፤ የኑክሌር አደጋ፣ የአስቤስቶስ አቧራ፣ የመሳሰሉት። አራቱ ግን የወዳጄን ሥራ አንገቱን ያነቁ ነበሩ።

አንደኛው ክፍት ጣሪያን የሚመለከተው ነው። ጣሪያ ተገፍፎ ሳለ በገባ ውሃ ለደረሰ ጉዳት አንከፍልም ይላል። ሸራ ለበሰ አልለበሰ፣ ዝናቡ ተተነበየ አልተተነበየ፣ ልዩነት የለውም። እንግዲህ ጣሪያ ሠሪ ጣሪያ ሳይከፍት እንዴት ነው የሚሠራው? ለአሳ አጥማጅ ውሃ እስካልነካህ ድረስ ኢንሹራንስ አለህ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው እሳት ነው። ቶርች፣ ትኩስ ሬንጅ፣ ብየዳ፤ ሁሉም ከሽፋን ውጭ ናቸው። ወዳጄ ባለፈው ዓመት ስድስት ጣሪያ በቶርች ሠርቷል። ስድስቱም ያለ ኢንሹራንስ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ሲሰማ ተነስቶ ውሃ ጠጣ።

የቶርች ፍርሃት ዝም ብሎ የኢንሹራንሶች ጭንቀት እንዳይመስላችሁ። ጁን 1 ቀን 2008 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ግቢ የተነሳው ትልቅ ቃጠሎ መነሻው ይኸው ነው። ሠራተኞች ሌሊት የአስፋልት ሺንግል በቶርች ሲያሞቁ ነበር። ሥራቸውን ጨርሰው አንድ ሰዓት ያህል እሳት እንዳይነሳ ጠብቀዋል። ከሄዱ በኋላ ነው የተነሳው። ለፊልም የተሠሩ የመንገድ ግንባታዎችና የቅጂ ማከማቻ ሕንፃ ወደሙ። እሳት እንጨት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ጣሪያ ሠሪ ሁሉ ይህን ያውቃል። የሚረሳው ግን ቀኑ ሲመሽና ሁሉም ቤቱ መሄድ ሲፈልግ ነው።

ሦስተኛው ኮንዶና ታውንሃውስ ላይ የሚሠራ ሥራን ከነአካቴው ያስወጣል። አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች፣ እዚህ ኮንዶ ማለት የመንግሥት ቤት አይደለም። ባለቤቶቹ በማኅበር ሆነው ጣሪያውንና ግቢውን በጋራ የሚያስተዳድሩት ሕንፃ ነው። ማኅበር ደግሞ ጠበቃ አለው። ለዚህ ነው ኢንሹራንሶቹ የሚሸሹት። ታዲያ ወዳጄ በዚያው ሰሞን የአንድ ትንሽ ኮንዶ ማኅበር ጣሪያ ለመሥራት ዋጋ ሰጥቶ ተቀባይነት አግኝቷል። የዓመቱ ትልቁ ሥራው ነው።

አራተኛው ሰብኮንትራክተርን ይመለከታል። የምታሠራው ሰብኮንትራክተር ከአንተ እኩል ኢንሹራንስ ከሌለው እሱ ባደረሰው ጉዳት አንከፍልም ይላል። የሳልቫዶሩ ቡድን መሪ ምን ዓይነት ኢንሹራንስ እንዳለው ጠየቅሁት። «አለኝ ብሎኛል» አለ።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋ አንድ ነገር ደግሞ የመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ አገኘን። የሥራው ዓይነት «አናጢነትና ሳይዲንግ» (የውጭ ግድግዳ ማልበስ) ተብሎ ተሞልቷል። ወዳጄ ማመልከቻውን የሞላው በስልክ ነው። የሸጠለት ሰው «እንዲህ ብንለው ይረክሳል» ብሎት ነበር። ረክሷልም። ነገር ግን ማመልከቻ ላይ ሥራህን አሳስተህ ከጻፍክ ኩባንያው በኋላ ፖሊሲውን ራሱን እንዳልነበረ ለማድረግ ሊሞክር ይችላል። ያን ጊዜ የምትከራከረው ስለ አንድ ወረቀት አይደለም፣ ስለ ሙሉው ፖሊሲ ነው። የማኅበሩ ጣሪያ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የሚለውን አስቤ ሆዴ ባባ።

የወደቀ ሰው

ስለ ውሃና እሳት ብዙ አወራሁ። ጣሪያ ሥራ ላይ ዋናው አደጋ ግን መውደቅ ነው። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2022 ባወጣው ቁጥር ከ100,000 የሙሉ ጊዜ ጣሪያ ሠሪዎች 57.5 በሥራ ላይ ሞተዋል። የሁሉም ሠራተኛ አማካይ 3.7 ነው። ኦሻ፣ የሥራ ደኅንነትን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ በግንባታ ሥራ ከ6 ጫማ ጀምሮ የመውደቅ መከላከያ ያስገድዳል። 6 ጫማ ማለት አንድ ረዘም ያለ ሰው ማለት ነው።

ጄኔራል ላያቢሊቲ የሚክሰው ሌላውን ሰው ነው። የራስህ ሠራተኛ ቢወድቅ አያገባውም። እሱ የወርከርስ ኮምፕ፣ የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ፣ ድርሻ ነው። ሕክምናውን ይከፍላል፣ የደመወዙን ከፊል ይከፍላል፤ በምትኩ ሠራተኛው በመደበኛው መንገድ አሠሪውን አይከስም። ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ካለህ ግዴታ ነው። ቨርጂኒያ ከሁለት ሰው በላይ ሲሆን ይጀምራል፤ ነገር ግን የሰብኮንትራክተርህ ሠራተኞችም ተቆጥረው ነው።

ወዳጄ ለሦስቱ ሠራተኞቹ ወርከርስ ኮምፕ ነበረው። እዚህ ላይ ላመሰግነው ይገባል፤ ብዙ ሰው እሱም የለውም። ግን ሁለት ቀዳዳ አገኘን።

የመጀመሪያው ትንሽ የምትመስል መስመር ናት። የፖሊሲው ገጽ ላይ ተራ 3ኤ የምትባል ቦታ አለች። ሽፋኑ የትኛው ስቴት ውስጥ እንደሚሠራ የሚጻፍባት እዚያ ነው። የወዳጄ ላይ «ሜሪላንድ» ብቻ ነበር የተጻፈው። ሥራው ግን ግማሹ ዲሲ ነው። ከቤቱ እስከ ዲሲ ወሰን በመኪና አሥር ደቂቃ አይሞላም። ለእሱ አንድ ከተማ ነው። ለሕጉ ግን ሌላ አገር ነው።

ሁለተኛው ቡድኑ ነው። ወዳጄ ለቡድኑ መሪ በ1099 ነው የሚከፍለው፤ ለቅጥር ሠራተኛ ሳይሆን ራሱን ችሎ ለሚሠራ ሰው በሚሞላ ቅጽ። «የእኔ ሠራተኞች አይደሉም» ይላል። ሐበሻ ኮንትራክተር ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟታል። ሜሪላንድ ግን በ2009 ባወጣችው የሥራ ቦታ ማጭበርበር ሕግ መሠረት፣ በግንባታ ላይ የሚሠራ ሰው ሌላ እስካልተረጋገጠ ድረስ ሠራተኛ ነው ተብሎ ይገመታል። በዚያ ላይ ሰብኮንትራክተሩ ወርከርስ ኮምፕ ከሌለውና ሠራተኛው ከወደቀ፣ ዕዳው ወደ ላይ ይወጣና ዋናውን ኮንትራክተር ያገኘዋል። 1099 ቅጽ የግብር ወረቀት ነው። ለወደቀ ሰው አጥንት አይጠግንም።

ገንዘቡም አለ። ወርከርስ ኮምፕ የሚሰላው በደመወዝ ነው። ሥራው በኮድ ይመደባል፤ ጣሪያ 5551 ነው። ከውዶቹ አንዱ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ኩባንያው ኦዲት ያደርጋል። ኢንሹራንስ እንዳለው የሚያሳይ ሰርተፊኬት ሳትይዝ ለሰብኮንትራክተር የከፈልከውን እንደ ደመወዝ ይቆጥርብሃል። ለምሳሌ ዋጋው ከ100 ዶላር ደመወዝ 15 ዶላር ነው እንበል። ለቡድኑ 60,000 ዶላር ከከፈልክ 9,000 ዶላር ተጨማሪ ቢል ይመጣል። በዓመቱ መጨረሻ፣ ሥራው አልቆ፣ ትርፉም ተበልቶ።

ሦስቱ ዋጋዎች

ፖሊሲው ሊታደስ ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የኮንዶ ማኅበሩም የሚፈልገውን ዝርዝር ልኳል። ስለዚህ እንደገና መምረጥ ግድ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ከስልክ ሻጭ ይልቅ የግንባታ ሥራ የምታውቅ ብሮከር ፈለግን። አማርኛ ትችላለች፤ ይህ አጋጣሚ እንጂ መስፈርት አልነበረም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ገቢው አልነበረም። «ወንድሜ፣ ጣሪያ ከፍተህ አሳድረህ ታውቃለህ?» አለችው። ወዳጄ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ጠያቂዋ ሥራውን እንደምታውቅ ያኔ ገባን። ሁለተኛው ጥያቄዋ ስለ ቶርች ነበር። ሦስተኛው ስለ ፎቅ ብዛት። ዋጋ የሚባለው ቃል የመጣው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

ማመልከቻው ላይ ሁሉንም በእውነት ጻፍን። ጣሪያ ሥራ፣ 100 በመቶ። የጁላዩም ውሃ ተጻፈ። ሦስት ዋጋ መጣ።

የመጀመሪያው በዓመት 4,200 ዶላር ነው። ያው የድሮው ኩባንያ ዓይነት ነው፤ ክፍት ጣሪያ የለም፣ እሳት የለም፣ ኮንዶ የለም። ሁለተኛው 9,800 ዶላር። ክፍት ጣሪያን ይሸፍናል፣ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው፤ በአንድ ቀን መዝጋት የምትችለውን ያህል ብቻ ክፈት፣ ከቦታው ስትለይ ውሃ በማያስገባ ሸራ ሸፍነህ እሰር። ኮንዶ ላይ ደግሞ አዲስ ግንባታን ብቻ ነው የሚከለክለው። የነባር ሕንፃ ጣሪያ መቀየር ይፈቀዳል። ቶርች ግን የለም። ሦስተኛው 13,500 ዶላር ሲሆን ቶርችንም ይጨምራል፤ እሳት ከጠፋ በኋላ ሁለት ሰዓት ጥበቃና የእሳት ማጥፊያ በቦታው መኖር አለበት።

ወዳጄ የመጀመሪያውን እንደገና አየው። አልፈርድበትም። 4,200 እና 9,800 ለአነስተኛ ድርጅት ቀልድ አይደለም። «ልዩነቱ አንድ ያገለገለ ፒካፕ ነው» አለ። ብሮከሯ ሳቀችና «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ...» ብላ ተወችው። ጨርሳ አልተናገረችም፤ አስፈላጊም አልነበረም። በአንድ የጁላይ ከሰዓት 23,000 ዶላር የሄደበት ሰው ነው።

እውነተኛው ክርክር በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነበር። እኔ ሦስተኛውን ውሰድ አልኩት። እሱ ሌላ ሒሳብ ሠራ። በዓመት ስድስት የቶርች ጣሪያ ነው የሠራው። ከስድስቱ ያተረፈውን ደመርን። የ3,700 ዶላሩ ልዩነት ሲቀነስ፣ ሁለት ሰዓት የሚጠብቀው ሰው ክፍያ ሲቀነስ፣ የሚቀረው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ ቶርች ሥራውን ራሱን ተወው። ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ከዚያ በኋላ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ጎማ ብቻ። ዛሬም ቢሆን ትክክለኛው እሱ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔ ኢንሹራንስ ስንመርጥ መስሎኝ ነበር። እሱ የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ ነው ሲመርጥ የነበረው።

አንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻ አልተስማማንም። ሁለተኛው ኩባንያ ሰርፕላስ ላይን ከሚባለው ገበያ ነው። አደገኛ ሥራዎች ብዙ ጊዜ የሚያርፉት እዚያ ነው። ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን ኩባንያው ቢከስር የስቴቱ ዋስትና ፈንድ አይደርስልህም። እኔ የኩባንያውን የገንዘብ አቅም ደረጃ ሳላይ እንዳትፈርም አልኩት። እሱ «ከሰረ ከተባለ ያኔ እንነጋገራለን» አለ። ደረጃው ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

ሰርተፊኬትና ማኅበሩ

የኮንዶ ማኅበሩ ሰርተፊኬት ብቻ አልጠየቀም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሰርተፊኬቱ አኮርድ 25 የሚባል አንድ ገጽ ነው። ላዩ ላይ ራሱ «ለመረጃ ብቻ የተሰጠ ነው፣ ለያዘው ምንም መብት አይሰጥም» ይላል። ፖሊሲ መኖሩን ይናገራል፤ ለማኅበሩ ግን ምንም አያስጨብጠውም። የማኅበሩ ጠበቃ የፈለገው ማኅበሩ በፖሊሲው ውስጥ እንደ ተጨማሪ ተጠቃሚ እንዲጻፍ ነው። ያውም በሁለት ቅጽ። ሲጂ 20 10 ሥራው በሂደት ላይ ሳለ ለሚደርሰው ነው። ሲጂ 20 37 ሥራው ካለቀ በኋላ ለሚመጣው ነው።

ሁለተኛው ለጣሪያ ሥራ ወሳኝ ነው። ጣሪያ የተሠራ ቀን አያፈስም። ከሁለት ክረምት በኋላ ነው የሚያፈሰው። ስለዚህ ፖሊሲው ካለቀ ሥራ የሚመጣ ጉዳትን ይሸፍናል ወይ? ከዚህ በፊት የሠራሃቸውንስ ያስወጣል ወይ? ይህን ጠይቀን በጽሑፍ መልስ ወሰድን። አንድ ነገር ግን ማንም አይሸፍንልህም፤ የራስህን የተበላሸ ሥራ። ጣሪያው አፍስሶ የሰው ኮርኒስ ከወረደ ኮርኒሱ ይከፈላል። ጣሪያውን ግን አንተው ነህ የምትመልሰው። ወዳጄ ይህ ፍትሐዊ አልመሰለውም። እኔ ግን ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ኢንሹራንስ ለእጅህ ሥራ ዋስ አይሆንልህም።

የቀረውን በፍጥነት ልለፍ። ፒካፖቹ በግል የመኪና ኢንሹራንስ ነበሩ፤ ወደ ንግድ ተቀየሩ። ለመሣሪያው ኢንላንድ ማሪን የሚባል ትንሽ ፖሊሲ ተገዛ። ስሙ የባሕር ነው፤ ነገሩ ስለ መሰላልና ስለ ሚስማር ጠመንጃ ነው። የተጀመረው በመርከብ የመጣ ዕቃ ወደ ውስጥ ሲጓዝ ለመሸፈን ስለሆነ ስሙ እንዳለ ቀረ። ጣሪያ ላይ ተጭኖ ገና ያልተገጠመ ሺንግልንም እንዲይዝ አስደረግን። ዣንጥላ የሚባለውን ተጨማሪ ሽፋን ወዳጄ ዘንድሮ አልችልም ብሎ ተወው። ማኅበሩም አልጠየቀም።

ወርከርስ ኮምፑን ለማስተካከል ብሮከሯ ሁለት ኩባንያ ሞክራ ሁለቱም አልፈለጉም። ጣሪያ ሲባል ስልኩን ይዘጋሉ አለች። ሜሪላንድ ለዚህ መፍትሔ አላት። ቼሳፒክ ኢምፕሎየርስ የሚባለው ኩባንያ ሌላው የገፋውን አሠሪ የመቀበል ግዴታ አለበት። እዚያ ተገባ። ዲሲ በ3ኤ ላይ ተጻፈች።

የቡድኑ መሪ

በጣም የከበደው ወረቀት አልነበረም፤ ሰው ነበር። ወዳጄ ለሳልቫዶሩ ቡድን መሪ ሄዶ «ሰርተፊኬት ካላመጣህ ሥራ የለም» ማለት ነበረበት። ይህ ሰው መዶሻ አያያዝ ያስተማረው ነው። የሰውየው ልጆች ክርስትና ሲነሱ ወዳጄ ተጠርቶ በልቷል። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወርከርስ ኮምፕ የሚል ሰርተፊኬት ይዞ መጣ።

ብሮከሯ ደውላ አጣራች። ፖሊሲው እውነተኛ ነው። ግን ባዶ ነው። ሠራተኛ የለኝም ብሎ፣ ራሱንም አስወጥቶ፣ ሰርተፊኬት ለማግኘት ብቻ የተገዛ ነው። እዚህ ጎስት ፖሊሲ፣ የመንፈስ ፖሊሲ ይሉታል። በቡድኑ ካሉት አራት ሠራተኞች አንዱ ቢወድቅ የሚከፍል የለም።

ወዳጄ ሁለት ምርጫ ነበረው። ቡድኑን መተው፣ ወይም አራቱን ሠራተኞች በራሱ ደመወዝ መዝገብ ላይ ማስገባት። ሁለተኛውን አደረገ። መሪው ፎርማን ሆነ። ወርከርስ ኮምፑ ዋጋው ጨመረ፤ በዚያው ልክ የኮንዶውን ዋጋ ከፍ አድርጎ እንደገና ለመደራደር ሞከረ። ማኅበሩ ግማሹን ተቀበለው። የቀረውን ከትርፉ ቆረሰ። ደስ አላለውም፤ ለሦስት ቀን ስልኬን አላነሳም።

የኮንዶው ሥራ ኦክቶበር ላይ በአሥራ አንድ ቀን አለቀ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የሚገፈፈው ሁሉ ይቆማል። ከዚያ በኋላ መዝጋት ብቻ ነው። ፎርማኑ ሸራው ሲታሰር ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶው ሰዓቱን ይዞ ወደ ወዳጄ ስልክ ይመጣል። ፖሊሲው ላይ ያለው ቅድመ ሁኔታ ለመሟላቱ ማስረጃው ያ ነው። በስድስተኛው ቀን ሌሊት ዘነበ። ጠዋት እኔም ደወልኩ፣ ማኅበሩም ደወለ፣ ብሮከሯም ደወለች። ወዳጄ ለሦስታችንም አንድ ፎቶ ላከልን። ሰማያዊ ሸራ፣ በላዩ ላይ የተጠራቀመ ውሃ፣ ከሥሩ ደረቅ እንጨት።

የዓመቱ ኦዲት ሲመጣ ግምቱና እውነተኛው ደመወዝ ብዙ አልተራራቀም። 1,140 ዶላር ተጨማሪ ጠየቁት። ከፈለ። የጁላዩ 23,000 ዶላር ግን ገና አላለቀም፤ አሥራ አራት ወር ይቀረዋል።